ውሃው የት ይሄዳል?

ሚኒባሳችንን የገዛልን ታላቁ ልጄ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ጆሃንስበርግ ዳርቻ ትንሽ ሱቅ አለው። በሄደ በአምስተኛው ዓመት፣ «አባባ፣ በየወሩ እየቆጠርኩ ከምልክላችሁ ራሷ ሠርታ የምታበላችሁ ነገር ልግዛላችሁ» አለና ገንዘቡን ላከ። የገዛነው ቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ በፈረንጆቹ 1998 የተሠራች፣ ባለ 3ኤል የናፍጣ ሞተር። እኛ ዘንድ ከመድረሷ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች የሚያውቅ አልነበረም። ከሀቢቾ ተነሥታ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ዱራሜ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ወደ ጊምቢቹ ትመላለሳለች። የእኔ ጡረታ የመምህር ጡረታ ነው፤ ስንት እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። የቤታችን ዘይት፣ የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባለቤቴ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወጣው ከዚያች መኪና ነው።

ባለፈው ሐምሌ መኪናዋ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ጠዋት ራዲያተሯ አፉ ድረስ ይሞላል፤ ማታ ሲመለሱ ሁለት ሊትር ያህል ጎድሏል። ከሥሯ ሲታይ ደግሞ ጠብታ የለም። ሹፌራችን የእህቴ ልጅ ነው፤ መኪናዋን እንደ ራሱ ንብረት ነው የሚይዛት። የጄሪካን ውሃ ይዞ መሄድ ጀመረ። ዳገት ወጥቶ ሲጨርስ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ እየተጠጋ፣ መንገድ ዳር እያቆመ፣ ተሳፋሪ እያጉረመረመበት ሦስት ሳምንት ሠራ። በዚያ ላይ ቺንጊያው መጮህ አመጣ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ሹፌሩ የዲናሞውን ቡሎን ያላላና ቺንጊያውን ይወጥረዋል፤ ሁለት ቀን ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ይጮሃል፤ ደግሞ ይወጥረዋል።

(እግረ መንገዴን፣ ጋራዥ ገብቶ ለሚያዳምጥ ሰው ጣልያን ከዚህ አገር ገና የወጣ አይመስልም። ቺንጊያ፣ ማኒኮቶ፣ ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃ፤ ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ተምረው ጣልያንኛ እያወሩ መኪና ይሠራሉ።)

አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየ፤ ማኒኮቶዎቹን ዳሰሰ፤ ደረቅ ናቸው። «ውጭ የሚያፈስ ከሌለ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ቴስታታው መውረድ አለበት» አለን። ጓርኒሲዮኑ፣ ቴስታታውን ማስተካከያው፣ የእጁ ዋጋ ተደምሮ ከ70 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከተገኘ ደግሞ ያ ሌላ ሒሳብ ነው። እኛ ይህ ገንዘብ አልነበረንም። ወሬው በየት በኩል እንደወጣ እንጃ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ገዢ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «እንዳለች ልውሰዳት» ብሎ ከዋጋዋ ሲሶውን ቆርጦ ጠራ።

እዚህ ላይ ስለ ታናሹ ልጄ መናገር አለብኝ። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ እቤት ነው፤ አንዳንድ ቀን በረዳትነት ይወጣል። በእኛ አካባቢ «እገሌ ሄደ» ከተባለ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ከሀድያና ከከምባታ ቀበሌዎች ደቡብ አፍሪካ ልጅ የሌለውን ቤት መፈለግ ይቀላል። መንገዱን ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል፤ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባል ቦታ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በጥቅምት 2015 ደግሞ ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ አሁንም ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ሁለቱንም ዜና ባለቤቴ ቆማ ነው የሰማችው፤ መቀመጥ አልቻለችም። ታላቁ የሄደ ጊዜ ከታንዛኒያ እስከሚደውል አርባ ሦስት ቀን ጠብቀናል። እሷ ቀኑን ስትቆጥር እኔ እንዳልቆጠረ ሰው ዝም ብዬ ነበር።

መኪናዋ ብትሸጥ የተወሰነው ገንዘብ ለታናሹ መንገድ እንደሚሆን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ሁላችንም ግን እናውቅ ነበር። ታላቁ በስልክ፣ «ካስቸገረቻችሁ ሽጧት፤ እሱንም እኔ እቀበለዋለሁ» አለ። ታናሹ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ሳይንስ ነው። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ውሃ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ በየቀኑ ሁለት ሊትር ውሃ እየጠፋ ዝም ብዬ መኪና ልሸጥ አልቻልኩም። ታናሹን ጠርቼ፣ «ከመሸጧ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ እንወቅ» አልኩት። ሹፌሩ ሥራ ላይ ነው፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ መኪና ሥር አያስገባም። ልጁ ደስ ብሎት እንዳልተነሣ አይቻለሁ። ግን ተነሣ።

ከሞተር ውስጥ ውሃ የሚሄድበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው። ወይ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ወይ ከናፍጣው ጋር ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል። ከዘይቱ ከጀመርን፣ ውሃ የገባበት የሞተር ዘይት እንደተበጠበጠ ቡላ ነጣ ብሎ ይወፍራል። የዘይት መለኪያውን መዘዘና በነጭ ጨርቅ ጠረገው፤ ጥቁር ነው፣ የናፍጣ ሞተር ዘይት እንደሚሆነው። ጭሱን ለማየት እኩለ ቀን ድረስ ጠበቅን፤ በሀቢቾ የክረምት ጠዋት የማንም መኪና ነጭ ያተናል፣ ሰውም ጭምር። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ነጭ ጭስ አልነበረም። ሦስተኛው ማረጋገጫ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሣት ነው። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ከሆነ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ ሳያቋርጥ ይንፈቀፈቃል። አምስት ደቂቃ ተጎንብሶ አየ፤ አረፋ የለም። የ70 ሺህ ብሩ ነገር እዚህ ላይ ተጠራጠረኝ።

ቀዝቃዛ ሳለ ያልኩት በምክንያት ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ለልጄ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ክዳኑ እንደ ጄሪካን ክዳን መድፈኛ ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው። ባቄላና ቦሎቄ ደጋ ላይ ለምን እንደሚዘገይ እናቶች ያውቁታል፤ ክዳኑ የሚጠብቀው የእንፋሎት ድስት ለምን እንደሚያፈጥነውም እንዲሁ። የራዲያተሩ ክዳን ሥራ ያው ነው። በስፕሪንግ ታፍኖ ግፊት ሲይዝ የውሃው መፍያ ሃያ ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ ያቃተው ክዳን ያለው መኪና እኛ አገር ዳገት ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። የእኛን ገልብጠን ስናየው ጎማው እንደ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አስመጣን።

ክዳኑ ሲቀየር የውሃው መጉደል ባሰ። ሁለት ሊትር የነበረው ሦስት ሆነ፤ የቺንጊያውም ጩኸት ጨመረ። ሹፌሩ ተስፋ ቆረጠ፤ ባለቤቴም፣ «ነካክታችሁ አበላሻችኋት» አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ግፊት ሲጨምር የሚብስ ፍሳሽ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳ ደግሞ ይገኛል።

ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘርግተን አሳደርን፤ ጠዋት ደረቅ። ልጁ ካርቶኑን አንሥቶ አየና፣ «አባባ፣ ቆማ አታፈስም ማለት ነው። ስትሠራ ብቻ ነው» አለ። በዚያው ቀን ማታ፣ መኪናዋ ከሥራ ስትገባ ሞተሩን ሳያጠፉ የጋቢናውን ወንበር አነሡት፤ የሃይኤስ ሞተር ከጋቢናው ሥር ነው። ሻርፑን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ (ቬንቲላተር አጠገብ የሚንጠለጠል ልብስ ስንት ሰው እንደጎዳ አይነገርም) የእጅ ባትሪ አበራ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጣት በብርሃኑ ውስጥ ጉም የመሰለ ነገር ታየ። ከውሃ ፖምፓው ፑሌጃ ኋላ የሚወጣ፣ ከዱቄት የደቀቀ ርጭት። ቬንቲላተሩ ይበትነዋል፤ የሞተሩ ሙቀት ያደርቀዋል፤ መሬት የሚደርስ ጠብታ አይኖርም። ግማሹ ቺንጊያው ላይ ያርፋል። የረጠበ ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይጮሃል፤ ፖምፓውን ማዞርም ያቅተዋል። አንድ በሽታ ነበር፤ ሁለት ስም ሰጥተነው።

በማግስቱ ሞተሩን አጥፍተው ቬንቲላተሩን ይዞ ሲነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተንቀሳቀሰ። ፖምፓው ሲፈታ ነው ነገሩ የለየለት። እያንዳንዱ የውሃ ፖምፓ ከሆዱ በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። አምራቹ ሆን ብሎ የተዋት ናት፤ የውስጡ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በእሷ ጠብ ጠብ ብሎ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ፣ ወደ ኩሽኔታውም እንዳይገባ። የእኛዋ በማስቲሽ ተደፍናለች። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው «ያፈሳል» ብሎ ዘግቷት ሸጦልናል። መንገድ ያጣው ውሃ በኩሽኔታው አልፎ፣ ግራሱን አጥቦ፣ በዘንጉ ዙሪያ ወጣ። ልጁ ማስቲሹን በሚስማር ፈልፍሎ አወጣና መዳፉ ላይ ይዞ መጣ። «ይኸው» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ቺንጊያው መወጠሩም አግዟል። ቺንጊያ ሲወጠር ኩሽኔታውን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ከልክ ካለፈ ይበላዋል። ልኩ ከባድ ነገር አይደለም፤ በሁለቱ ፑሌጃዎች መሀል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ጨርሶ የማይረግብ ከሆነ ከልክ አልፏል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከረገበ ላልቷል። በእኛ ሞተር ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስና አሮጌ ቢጣመሩ ጭነቱ በአዲሱ ላይ ይወድቃልና። ሹፌሩ አንድ ጊዜ በሌላ ሰው መኪና ቺንጊያው ተበጥሶበት ቃጫ ገምዶ እንደታሰረበት ነገረን። ሦስት ኪሎ ሜትር አልወሰደውም።

አያቶች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚህ ዓይነት የናፍጣ ሞተር የፍሬን ማገዣው የሚሠራበትን አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ኋላ ነው የተገጠመው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ይኸው ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ቁልቁለት ላይ ከተበጠሰ ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ይይዛል፤ ግን የሚረግጠው ሰው ሁለት እግር ያምረዋል። የልጅ ልጄ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምትሄደው ጋቢና ተቀምጣ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የቺንጊያ ጩኸት ስሰማ እንደ ዱሮው በጩኸትነቱ ብቻ አይረብሸኝም። ልጆቻችሁ በየቀኑ የሚሳፈሩበት ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት ቺንጊያው የሚጮህ ከሆነ ሹፌሩን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፖምፓው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ መጣ። የዘመድ ልጅ ሄዶ ሁለት ዓይነት አገኘ፤ አንዱ የሌላውን ሁለት እጥፍ ይሸጣል። ውድዋን ግዛ አልነው። ሁለቱ ቺንጊያ፣ ክዳኑ፣ አንድ ያበጠ ማኒኮቶ ከሁለት ፋሸታ ጋር፣ ኩላንቱ ሁሉም ተደምሮ ከ14 ሺህ ብር ጥቂት አለፈ። «እኛ አገር በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል፣ የፖምፓውን ማኅተም ያለሰልሳል። ገንዘብ ካነሰ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ቢቀላቀልበት ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል፤ ድንጋይ አይሠራም። ጎረቤታችን እርድ ጨምሩበት ብሎን ነበር፤ ሌላው ሳሙና። ለአንድ ቀን መንገድ ሊያደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲያ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍንና ሌላ ሥራ ያመጣል።

የገጠመው ልጁ ነው፤ ሆሳዕና ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በምላጭ ፍቆ ለማንሣት ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ሽማግሌው ሁለቴ አስደገመው። ቡሎኖቹን በተራ ሳይሆን በሰያፍ እያጠበቀ አሰራቸው። ውሃ ሲሞሉ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙረው አቆሟት፤ ውስጥ የቀረ አየር ወደ ላይ ወጥቶ እንዲያልቅ። ሀቢቾ ዳገት አይቸግርም።

ለያሆዴ ደረሰች። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዛት ለሚያውቀው አይነገርም፤ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ሻንጣና ልጅ ይቀላቀላል። ሹፌሩ አተካናውን ቆሞ በልቶ ይሄድ ነበር። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የወጣውን ወጪ መለሰች፤ ጄሪካኑ ከኋላ ወንበር ሥር እንደሞላ ነው የተመለሰው።

በበዓሉ ማግስት ታላቁ ደወለ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረግነው። ታናሹ ስለዚያች ቀዳዳ፣ ስለ ማስቲሹ፣ ስለ ርጭቱ ለግማሽ ሰዓት ነገረው። እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ታላቁ አዳምጦ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «እዚህ መካኒክ በቀን ስንት እንደሚያገኝ ታውቃለህ?» አለው። ባለቤቴ ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ልጄን አልተቀየምኩትም። ወንድሙን የሚወድበት መንገድ እሱ ነው፤ እሱም በዚያው መንገድ ነው የሄደው። ታናሹ መልስ አልሰጠም።

ከዚያ ወዲህ ስለ መንገድ አልተነሣም። ቀርቷል ብዬ ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ስለማላውቅ። በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ሽማግሌ ዘንድ ይውላል፤ ምሳውን ያበሉታል፣ ሌላ ክፍያ የለም። አንዳንድ ማታ እጁን በናፍጣ አጥቦ በሳሙና እያሸ የልጅ ልጄን የቤት ሥራ ያይላታል፤ ደብተሯ ላይ የጣቱ አሻራ ስላለ መምህሯ ጠይቃታለች።

በቅርቡ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «አባባ፣ የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ ነው የተቀየረው?» አለኝ። ውጭ እንዳሉት ሁለቱ አይጮህም፣ አይታይም፤ ክዳን ውስጥ ነው። በእኛ ሞተር በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል ይባላል፤ ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል፤ ያኔ ቴስታታው በእውነት ይወርዳል። መቼ እንደተቀየረ እኛም ሹፌሩም አናውቅም፤ የሸጠልን ሰው ስልኩ አይሠራም። ስለዚህ ልጁ ከየሳምንቱ ገቢ 500 ብር እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበና በወተት ዱቄት ጣሳ ማጠራቀም ጀመርን። ጣሳው ላይ የመኪናዋን ኪሎ ሜትር በፕላስተር ጽፎ ለጥፎበታል። እስካሁን 6 ሺህ 500 ደርሷል። ጥር ላይ እንቀይረዋለን ብሏል።